የጥንት የእንግሊዝ የወይን ጠጅ ጠርሙሶች ዕድሜና ዋጋ እንዴት ይታወቃል?

ጥቁር አረንጓዴ ቀለም ያለው አንድ አሮጌ ጠርሙስ በትከሻው ላይ ክብ የብርጭቆ ማኅተም፣ በማኅተሙም ላይ የባለቤቱን ስምና “1715” የሚል ቁጥር ይዞ ለሐራጅ ወይም ለሙዚየም ምዝገባ ሲቀርብ፣ የተመልካች ሁሉ ዓይን በቅድሚያ የሚያርፈው በቁጥሩ ላይ ነው። የዘርፉ ባለሙያዎች ግን ቁጥሩን የሚያነቡት ከሁሉም በኋላ ነው። ጠርሙሱን ገልብጠው መቀመጫውን ይዳስሳሉ፤ የአፉን ጠርዝ ይመለከታሉ፤ አካሉን በብርሃን ፊት ያዞራሉ፤ ከዚያም በማኅተሙ ላይ የተጻፈው ዓመት ከእነዚህ ምልክቶች ጋር ይስማማ እንደሆነ ይመረምራሉ። ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ሁሉ ሕጋዊ ሰነድ እንዳልሆነ ለሚያውቅ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ይህ አሠራር እንግዳ አይሆንበትም።

በዚህ ምርመራ ላይ የሚፈጸም ስሕተት የሚያስከትለው ጉዳት ቀላል አይደለም። ገዢ ለአምሳያ ዕቃ የቅርስ ዋጋ ይከፍላል፤ ሙዚየም የተሳሳተ ዘመን በመዝገቡ ያሰፍራል፤ የመሬት ቁፋሮ ተመራማሪም በአንድ ጠርሙስ ስባሪ ተመርቶ ለአንድ ሕንፃ ፍርስራሽ ያልሆነ ዕድሜ ሊሰጥ ይችላል። በመሆኑም ከ17ኛው እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ አገር የተሠሩት የወይን ጠጅ ጠርሙሶች ዘመናቸው የሚለይበትንና ግምት የሚሰጥበትን መንገድ በዝርዝር ማየቱ ጠቃሚ ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጠርሙሱ ታሪክ የሚጀምረው ከማገዶ ነው። ንጉሥ ጄምስ ቀዳማዊ በ1615 ባወጡት አዋጅ የብርጭቆ ማቅለጫ ምድጃዎች እንጨት እንዳያነዱ ከለከሉ። ዓላማው ለመርከብ ሥራ የሚፈለገውን የአገሪቱን ደን ማዳን ነበር። ብርጭቆ ሠሪዎቹም ወደ ድንጋይ ከሰል ዞሩ። የከሰሉ ምድጃ የበለጠ ሙቀት የሚሰጥ ስለነበር፣ በአሸዋው ውስጥ ካለው ብረትና ከከሰሉ ጢስ ጋር ተዳምሮ ቀድሞ ከነበረው ስስ ብርጭቆ ይልቅ ወፍራም፣ ጠንካራና ጠቆር ያለ ብርጭቆ ለማግኘት አስቻለ። ለዚህ ጠንካራ ጠርሙስ ፈልሳፊነት ስማቸው የሚነሣው ሰር ኬነልም ዲግቢ ናቸው። በ1660ዎቹ መጀመሪያ ሌላ ሰው የባለቤትነት መብት ይሰጠኝ ብሎ ባመለከተ ጊዜ ክርክር ተነሥቶ፣ በ1662 ዲግቢ ወደ 30 ዓመት ገደማ አስቀድመው ሥራውን እንደ ጀመሩ ተወስኗል።

ጠርሙሱ በማኅተም እንዲታወቅ ያደረገው ደግሞ የንግዱ ሁኔታ ነበር። በዚያ ዘመን ወይን ጠጅ ከአገር ወደ አገር የሚጓዘው በበርሜል ነው። በትንፋሽ የሚሠራ ጠርሙስ ይዘቱ አንዱ ከሌላው ስለማይመሳሰል ነጋዴው ወይኑን የሚሸጠው በመስፈሪያ እየለካ ሲሆን፣ ጠርሙሱ የደንበኛው ወይም የመጠጥ ቤቱ የግል ንብረት ሆኖ እየተሞላ ይመላለስ ነበር። ዕቃው ውድ በመሆኑ ባለቤቱ ንብረቱ ከሌላው እንዳይቀላቀልበት በጠርሙሱ አካል ላይ የቀለጠ ብርጭቆ ጠብታ አስደርጎ፣ ሳይቀዘቅዝ ስሙን ወይም ዓርማውን በብረት ማኅተም ያስመታበታል። የባሕር ኃይሉ ሹም ሳሙኤል ፒፕስ በጥቅምት 1663 በዕለት ማስታወሻቸው ላይ፣ የራሳቸው ዓርማ ያለባቸው አምስት ወይም ስድስት ደርዘን የሚሆኑ አዳዲስ ጠርሙሶች በወይን ተሞልተው ማየታቸውን መዝግበዋል። ሙሉ አካላቸው ሳይጎድል ከተረፉትና ዓመተ ምሕረት ካለባቸው ጠርሙሶች መካከል ቀዳሚ መሆኑ የሚታወቀው የንጉሥ ራስ የተቀረጸበትና 1657 የሚል ቁጥር የያዘው ሲሆን፣ በኖርዝሀምፕተን ከተማ ሙዚየም ይገኛል።

ዘመንን ለመለየት የመጀመሪያው መነሻ የጠርሙሱ ቅርጽ ነው። ከ1640ዎቹ እስከ 1680 ገደማ የተሠሩት ጠርሙሶች ረጅም ቀጥ ያለ አንገትና ከሥሩ ክብ ሆድ ያላቸው ናቸው። የእኛን አገር የጠጅ ብርሌ የሚያውቅ አንባቢ ይህን ቅርጽ ለመገመት አይቸገርም፤ ልዩነቱ የእንግሊዙ ጠርሙስ ወፍራምና ጠቆር ያለ፣ በጠረጴዛም ላይ እንዲቆም መቀመጫው ጠበብ ብሎ የተስተካከለ መሆኑ ነው። ከ1680 ገደማ በኋላ አንገቱ እያጠረ፣ ሆዱ እየሰፋና ወደ ታች እየተጫነ ሄዶ የሽንኩርት ራስ የመሰለ ቅርጽ ያዘ። ይህ ዓይነቱ እስከ 1730 ገደማ በብዛት ተሠርቷል። ከ1720ዎቹ ጀምሮ ደግሞ የጠርሙሱ ጎን ቀጥ ማለት ጀመረ፤ ትከሻው ወጣ፤ ተገልብጦ ሲታይ እጀታ ያለው የእንጨት መዶሻ መሰለ። ከ1740ዎቹ ወዲህ ይህ የመዶሻ ቅርጽ እየቀጠነና እየረዘመ ሄዶ፣ በክፍለ ዘመኑ መጨረሻ ዛሬ ለሁላችንም ከሚታወቀው ሲሊንደር መሰል ጠርሙስ ጋር እጅግ ተቀራረበ።

ይህ ለውጥ የፋሽን ጉዳይ ብቻ አልነበረም። እንግሊዝ በ1703 ከፖርቱጋል ጋር ያደረገችው የሜቱዌን ስምምነት የፖርቱጋል ወይን ጠጅ ከፈረንሳዩ ባነሰ ቀረጥ እንዲገባ አደረገ። ፖርት እየተባለ የሚጠራው ብርቱ ወይን ለብዙ ዓመታት በጠርሙስ ውስጥ ሲቆይ የሚሻሻል መሆኑም እየታወቀ መጣ። ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ወይን ቡሹ እንዳይደርቅና አየር እንዳያስገባ ጠርሙሱ በጎኑ መጋደም ይኖርበታል። የሽንኩርት ቅርጽ ያለው ጠርሙስ ተደራርቦ ለመጋደም አይመችም፤ ሲሊንደሩ ግን እንደ ማገዶ እንጨት ይደረደራል። በጥብቅ የገባውን ቡሽ ለመንቀል የሚያገለግለው ጠመዝማዛ ብረትም በጽሑፍ ላይ በ1681 የተጠቀሰ ሲሆን፣ በእንግሊዝ የመጀመሪያው የቡሽ መንቀያ የፈጠራ መብት የተሰጠው በ1795 ለቄስ ሳሙኤል ሄንሻል ነው።

ይሁን እንጂ ቅርጽ ብቻውን የሚሰጠው ግምታዊ ዘመንን ነው። አዲሱ ቅርጽ ሲጀመር አሮጌው ወዲያውኑ አልቀረም። ከለንደን ወይም ከብሪስቶል ራቅ ያሉ ብርጭቆ ቤቶች የቀድሞውን ዓይነት ለዓመታት ሲሠሩ ቆይተዋል። ስለሆነም ጠርሙሱን በአሥርና በሃያ ዓመት ክልል ውስጥ ማስቀመጥ እንጂ ከቅርጹ ተነሥቶ አንድ የተወሰነ ዓመት መጥራት ተገቢ አይደለም። በዚህ ረገድ ለተመራማሪዎች ትልቅ መመዘኛ ሆኖ የተገኘው በጃማይካ የደረሰ አደጋ ነው። ሰኔ 7 ቀን 1692 የመሬት መንቀጥቀጥ የፖርት ሮያልን ከተማ ሰፊ ክፍል ወደ ባሕር ባሰጠመ ጊዜ፣ በመጠጥ ቤቶችና በመኖሪያ ቤቶች የነበሩ ጠርሙሶች ከነበሩበት ሥፍራ ጋር አብረው ሰጠሙ። በአደጋው ፍርስራሽ ሥር ተዳፍነው ከተገኙት መካከል ከዚያች ዕለት በኋላ የተሠራ ሊኖር አይችልም። የመሬት ቁፋሮ ተመራማሪው አይቮር ኖኤል ሂዩም በ1961 በቨርጂኒያ ከተገኙ ጠርሙሶች ተነሥተው የቅርጾቹን ቅደም ተከተል ያወጡ ሲሆን፣ ካናዳዊቷ ኦሊቭ ጆንስ በ1986 ባሳተሙት ጥናት ከ1735 እስከ 1850 የተሠሩትን ሲሊንደር መሰል ጠርሙሶች በመለኪያ እየለኩ ዘመናቸውን ለይተዋል። የጆንስ ጥናት በዓይን ግምት ፈንታ የአካሉን ቁመት፣ የመቀመጫውን ስፋትና የአንገቱን ርዝመት በቁጥር ማስቀመጡ በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ከሁሉም ይልቅ ለመዝጋቢ የሚመች ያደርገዋል።

ከቅርጹ ቀጥሎ አፉ ይመረመራል። በጥንቶቹ ጠርሙሶች አንገት ላይ፣ ከአፉ ጠርዝ ጥቂት ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ፣ የብርጭቆ ክር ተጠምጥሞ ይታያል። ይህ ቀለበት ቡሹን የሚይዘው ገመድ ወይም ሽቦ የሚታሰርበት ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ቀለበቱ ስለታም ጠርዝ ያለውና የአፉም ጠርዝ ያልተደጎሰ ነበር። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ቀለበቱ ቀስ በቀስ ወደ አፉ ተጠጋ፤ የአፉም ጠርዝ ወፈረ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አሥርታት ሁለቱም በአንድ የመቅረጫ መሣሪያ እየዞሩ መሠራት ስለጀመሩ እኩልና ለስላሳ ሆኑ። የሽንኩርት ቅርጽ ያለው አካል ላይ በመሣሪያ የተስተካከለ ለስላሳ አፍ ከታየ አንዱ ከሌላው ጋር አይስማማም ማለት ነው።

ብዙ ምስጢር የሚገኘው ግን በመቀመጫው ላይ ነው። ጠርሙሱ በቧንቧ ተነፍቶ አካሉ ካበቃ በኋላ፣ አፉን ለመሥራት ሠራተኛው መቀመጫውን በብረት ዘንግ ጫፍ አጣብቆ ይይዘዋል። ሥራው ሲያልቅ ዘንጉ ሲነቀል ሸካራ ጠባሳ ይቀራል። ጠባሳው ጠርሙሱ የተቀመጠበትን ጠረጴዛ እንዳይቧጭር የመቀመጫው መካከል ወደ ውስጥ ይገፋል። የወይን ጠርሙስ ጎድጓዳ መቀመጫ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፤ ብዙ ሰው እንደሚያስበው ነጋዴው መጠኑን ለማጭበርበር ያመጣው ዘዴ አይደለም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝ የዘንጉን ጫፍ በአሸዋ መንከር የተለመደ ስለነበር፣ በጉድጓዱ ውስጥ የአሸዋ ፍንጣሪ የመሰለ ሻካራነት በጣት ይዳሰሳል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጠርሙሱን ከውጭ አቅፎ የሚይዝ መሣሪያ ዘንጉን ሲተካ ጠባሳውም እየጠፋ ሄደ። በመሆኑም መቀመጫው ለስላሳ የሆነ ጠርሙስ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው ተብሎ ሲቀርብ ጥያቄ ማንሣት ያስፈልጋል።

በመቀመጫው ዳር ያለው ጭረትም ይጠናል። በእርግጥ ለዓመታት ያገለገለ ጠርሙስ ከድንጋይ ወለልና ከእንጨት መደርደሪያ ጋር የተነካካው የተወሰነ ክፍሉ ብቻ ስለሆነ፣ ጭረቱ በዚያው ሥፍራ ተወስኖ በየአቅጣጫው የተበታተነ ይሆናል። ሆን ተብሎ በአሸዋ ወረቀት የተፈገፈገ ግን መስመሮቹ ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ ጠረጴዛ የማይነካውም ክፍል ሳይቀር ተጭሮ ይገኛል። ይህን ለማየት አሥር ጊዜ የሚያጎላ ትንሽ አጉሊ መነጽር ይበቃል።

በቅርጽ ማውጫ የተሠሩ ጠርሙሶችን መለየት ቀለል ይላል። ከ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ የጠርሙሱ አካል ወጥ በሆነ ማውጫ ውስጥ እየተነፋ፣ ትከሻውና አንገቱ ግን በእጅ ይሠራ ነበር። የብሪስቶሉ ሄንሪ ሪኬትስ በ1821 ባስመዘገበው የፈጠራ መብት አካሉም ትከሻውም ሦስት ክፍል ባለው ማውጫ እንዲወጣ ተደረገ። ይህ ዓይነቱ ጠርሙስ በትከሻው ዙሪያ አንድ አግድም መስመር፣ ከዚያም ወደ አንገቱ የሚወጡ ሁለት መስመሮች ይታዩበታል፤ የብዙዎቹም መቀመጫ የሪኬትስን ኩባንያና የብሪስቶልን ስም በጎበጡ ፊደላት ይዟል። እንዲህ ያለ ምልክት ያለበት ጠርሙስ ከ1821 በፊት የተሠራ ሊሆን አይችልም። የስፌት መስመሩ እስከ አፉ ጠርዝ ድረስ ከዘለቀ ደግሞ፣ አሜሪካዊው ማይክል ኦውንስ በ1903 ለሥራ ካበቃው ሙሉ በሙሉ በራሱ የሚሠራ ማሽን ወዲህ ባለው ዘመን የተመረተ ሳይሆን አይቀርም።

ስለ ቀለም ብዙ ቢባልም የሚሰጠው ማስረጃ ውስን ነው። ጥቁር የሚባለው ብርጭቆ ወደ ፀሐይ ሲያዝ የወይራ ቅጠል አረንጓዴ ወይም ቡናማ ሆኖ ይታያል። በውስጡ የአየር አረፋና የአሸዋ ቅንጣት መገኘቱ የእጅ ሥራ መሆኑን ቢጠቁምም፣ ዘመናዊ አስመሳይም አረፋ ማስገባት አይሳነውም። የተሻለ ማስረጃ የሚገኘው በኤክስሬይ ከሚደረግ የቅመም ምርመራ ነው። የጥንቱ የእንግሊዝ ጠርሙስ ብርጭቆ ከእጽዋት አመድ የተሠራና ብዙ ኖራ ያለው ሲሆን፣ የዘመኑ ብርጭቆ በፋብሪካ በተመረተ ሶዳ የሚሠራ በመሆኑ ልዩነቱ በመሣሪያው ይታወቃል።

እንግዲህ ወደ ማኅተሙ መመለስ ይቻላል። ማኅተሙ የሰው ሙሉ ስም፣ የቤተሰብ ዓርማ፣ የመጠጥ ቤት ምልክት ወይም ፊደላት ብቻ ሊይዝ ይችላል። ሦስት ፊደላት በሦስት ማዕዘን ተቀምጠው ሲገኙ፣ የላይኛው የቤተሰቡ ስም፣ የታችኞቹ ሁለቱ የባልና የሚስት ስሞች መነሻ መሆናቸው የተለመደ ነው። የአሽሞሊያን ሙዚየም ባልደረባ የነበሩት ኢ. ቲ. ሊድስ በ1914 ባወጡት ጥናት፣ በኦክስፎርድ ከተማ በተገኙ ማኅተሞች ላይ ያሉትን ፊደላት ከከተማው የመጠጥ ቤት ፈቃድ መዛግብት ጋር አመሳክረው፣ ዓመተ ምሕረት የሌላቸውን ጠርሙሶች ጭምር ዘመናቸውን ለማወቅ ችለዋል። የንግድ ፈቃድ መዝገብ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ለእንዲህ ያለ አገልግሎት ይውላል ብሎ ያሰበ የዘመኑ ጸሐፊ መኖሩ ያጠራጥራል። የኦል ሶልስ ኮሌጅ መምህራን ማረፊያ ክፍልም በስሙ የታተሙ ጠርሙሶችን ለረጅም ዘመን ያሠራ ሲሆን፣ ጠርሙሶቹ ቅርጹ እንዴት እንደተለወጠ በአንድ ባለቤት ሥር ለመከታተል ያስችላሉ።

በማኅተም ላይ ያለ ዓመተ ምሕረት ሁልጊዜ የሥራውን ዓመት አያመለክትም። የጋብቻ፣ የልጅ ልደት ወይም ወይኑ በጠርሙስ የገባበት ዓመት መታሰቢያ ሊሆን ይችላል። የማኅተሙ ብረት ለማሠራት ወጪ የተደረገበት ስለሆነ ቁጥሩ ሳይለወጥ ለዓመታት ሲያገለግል የቆየበት አጋጣሚም አለ። ስለዚህ ቁጥሩ ከቅርጹ በጥቂት ዓመታት ቢለይ የሐሰተኛነት ማስረጃ አይሆንም፤ ልዩነቱ ሠላሳና አርባ ዓመት ሲደርስ ግን ምክንያቱ መፈለግ አለበት።

ማኅተም የሌለው ጠርሙስ ዋጋው ዝቅተኛ በመሆኑ አጭበርባሪዎች በእውነተኛ አሮጌ ጠርሙስ ላይ አዲስ ማኅተም ይለጥፋሉ። በትኩሱ የተደረገ ማኅተም ከአካሉ ጋር ቀልጦ የተዋሐደ ነው። በማጣበቂያ የተለጠፈው በዳሩ ቀጭን መስመር ያሳያል፤ ብዙዎቹ ማጣበቂያዎችም በአልትራቫዮሌት ብርሃን ሥር ያበራሉ። ጠርሙሱ እውነተኛ ሆኖ ጽሑፉ ሐሰተኛ ሊሆን እንደሚችል የሚያስታውሰው በሰፊው የታወቀው ጉዳይ በእንግሊዝ ጠርሙስ ሳይሆን በፈረንሳይ ወይን ላይ የደረሰ ነው። ለአሜሪካው ፕሬዚዳንት ቶማስ ጄፈርሰን የተዘጋጀ ነው የተባለና የስማቸው መነሻ ፊደላት የተቀረጸበት የ1787 ወይን በታኅሣሥ 1985 ለንደን ላይ በ105 ሺህ ፓውንድ ተሸጠ። ከዚያው ስብስብ በ1988 አራት ጠርሙሶችን የገዙት አሜሪካዊ ባለሀብት ቢል ኮክ በኋላ ባስደረጉት ምርመራ፣ በጠርሙሶቻቸው ላይ ያሉት ፊደላት በኤሌክትሪክ መሣሪያ የተቀረጹ ናቸው የሚል ውጤት ተገኝቷል።

የሆላንድ ጠርሙሶችም ብዙ ጊዜ የእንግሊዝ ተብለው ይሸጣሉ። በጉያናና በሱሪናም ወንዞች በብዛት የተገኙት የሆላንድ ሽንኩርት መሰል ጠርሙሶች ከእንግሊዞቹ ይልቅ አንገታቸው የረዘመ፣ ቀለማቸው የፈዘዘ፣ የማሰሪያ ቀለበታቸውም ጠፍጣፋ ነው። በገበያው ላይ በብዛት ስለሚገኙ ዋጋቸው አነስ ይላል።

በግምት ረገድ ከሁሉ የላቀ ዋጋ የሚሰጠው ማኅተም ላለው፣ ባለቤቱ በመዛግብት ለታወቀና ዓመተ ምሕረቱ ለቀደመ ጠርሙስ ነው። የ17ኛው ክፍለ ዘመን ረጅም አንገት ጠርሙሶች ሳይሰበሩ የተረፉት ጥቂቶች በመሆናቸው ማኅተም ባይኖራቸውም ይፈለጋሉ። ከተለመደው መጠን በጣም ያነሱ ወይም የተለቁም እንዲሁ ናቸው። በመሬት ውስጥ የቆየ ብርጭቆ እርጥበት የላይኛውን ንብርብር ስለሚበላው እንደ ቀስተ ደመና የሚያብረቀርቅ ስስ ሽፋን ያወጣል፤ አንዳንዱም እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይረግፋል። አንዳንድ ሻጮች ይህን ለማስወገድ ጠርሙሱን በማሽን ውስጥ እያሽከረከሩ ያለሰልሱታል። ውጤቱ ለዓይን ቢያምርም ከላይ የተጠቀሱት የአገልግሎት ጭረቶችና የማኅተሙ ስል ጠርዝ አብረው ስለሚጠፉ፣ ማስረጃው ላይመለስ ይወድማል። የአፍ ጠርዝ መሸረፍ መጠነኛ ጉድለት ሲሆን፣ በአካሉ ላይ ያለ ስንጥቅ ግን ዋጋውን በእጅጉ ይቀንሳል። በሬንጅ መሰል ማጣበቂያ ተሞልቶ የተጠገነ አፍ በጣት ሲነካ ከቀሪው አካል ይልቅ ሞቅ ያለ ሆኖ ይሰማል።

የተገኘበት ሥፍራ ማስረጃም የግምቱ አካል ነው። በእንግሊዝ አገር በቴምስ ወንዝ ዳርቻ ለመፈለግ ከለንደን ወደብ ባለሥልጣን ፈቃድ ማውጣት ግዴታ ሲሆን፣ ዕድሜያቸው ከ300 ዓመት በላይ የሆኑ ግኝቶች ለሚመለከተው የቅርስ መዝጋቢ መቅረብ አለባቸው። ከሰጠመ መርከብ የወጣ ዕቃም በ1995 የንግድ መርከቦች ሕግ መሠረት ለመንግሥት የመርከብ ስባሪ ተቀባይ ሹም ይገለጻል። በዚህ መንገድ የተመዘገበ ጠርሙስ የመጣበት ሥፍራና ቀን ስለሚታወቅ፣ ሻጩ ከሚያወራው ታሪክ ይልቅ የመዝገቡ ቁጥር ይታመናል። መዝጋቢው ሊያሰፍር የሚገባው የቁመትና የስፋት ልክ፣ የአፉና የመቀመጫው ፎቶግራፍ፣ የማኅተሙ ጽሑፍ እንዳለ፣ የታየ ጉድለትና ጥገና፣ እንዲሁም ዘመኑ በየትኞቹ ምልክቶች ላይ ተመሥርቶ እንደተወሰነ ነው። በማኅተሙ ላይ የተጻፈው ዓመትና በምርመራ የተገኘው ዘመን በመዝገቡ ላይ በሁለት የተለያዩ ዓምዶች ይሰፍራሉ።